ያላመመኝ በሽታ

በሽታ ያማል ይባላል። አያምም። ቢያንስ የእኔ አላመመኝም፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነበር። የሚያም በሽታ ጨዋ ነው፤ አንኳኩቶ ይገባል፤ መምጣቱን ይናገራል። የእኔው ግን ለዓመታት አብሮኝ በልቶ፣ በአውቶብስ አብሮኝ ተጋፍቶ፣ በስብሰባ ላይ አብሮኝ እጁን አውጥቶ ድምፅ ሲሰጥ ኖሮ አንድም ቀን "አለሁ" አላለኝም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው አሟቸው ለሚያቃስቱ ሰዎች አይደለም። እነሱ ሐኪም አላቸው፤ ብርቱካን ይዞ የሚጠይቃቸው ዘመድም አላቸው። የምጽፈው ምንም ለማያማቸው ሰዎች ነው።

የጀመረው በክንዴ ነው። ከክርኔ ዝቅ ብሎ ነጣ ያለ ምልክት ወጣ። አያሳክክም፣ አይላጥም፣ አያቃጥልም። ደርግ ሥልጣን ላይ በነበረበት በዚያ ዘመን የሚያሳክኩ ነገሮች ብዙ ስለነበሩ፣ የማያሳክክ ነገር ሳገኝ አመስግኜ አለፍኩት። ሲሰፋ ለአንድ መድኃኒት ቤት ሰው አሳየሁት። "ጭርት ነው" ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ቀባሁት። ምልክቱም ቅባቱን ጠጥቶ መስፋቱን ቀጠለ።

ያኔ ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ተርጓሚ ነበርኩ። ስለ ማዳበሪያና ስለ ኅብረት እርሻ የሚናገሩ ጽሑፎችን ማዳበሪያ ነክተው ለማያውቁ ሰዎች እተረጉማለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሲጋራ ይዤ ረቂቅ ሳርም ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ታይፒስት ወይዘሮ አስካለ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

"ማነው በሥራ ሰዓት ሥጋ የሚጠብሰው?"

"ዛሬ ረቡዕ እኮ ነው፤ ማን ይደፍራል!" አልኳት።

"ጋሽ ጌታሁን! ጣትዎ!"

ጣቴ ነበር። ሲጋራው እስከ መጨረሻው ነድዶ በሌባና በመሐል ጣቴ መካከል ቆዳዬን እያጨሰ ነበር። ጣቴን የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚመረምር ሰው አገላብጬ አየሁት። የፈራሁ አይመስለኝም። ለመፍራትም ትንሽ መሰማት ያስፈልጋል።

ክሊኒክ ሄድኩ። በዚያ ዘመን ክሊኒክ መሄድ ማለት ጎሕ ሳይቀድ ሄዶ በድንጋይ ወረፋ መያዝ ነበር፤ ሐኪሙ ሲመጣ ድንጋዮቹ ሰው ይሆናሉ። የመጀመሪያው ሐኪም "ነርቭ ነው" አለኝ። ነርቭ ማለት ከአንጎል ወደ መላ አካል ስሜትና ትእዛዝ የሚያመላልስ ክር ነው፤ ስለዚህ አልተሳሳተም። መንገዱ ተቋርጧል ብሎ ነገረኝ፤ ማን እንደቆረጠው ግን አልጠየቀም። የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። ሁለተኛው የውጭ አገር ሰው ነበር። እሱ በቋንቋው በሰፊው ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው ያሳጥረዋል፤ እኔ በሰፊው እመልሳለሁ፣ አስተርጓሚው እንደገና ያሳጥረዋል። እንዲህ ስንተላለፍ ቆይተን በመጨረሻ "ቁርጥማት" የምትል ቃል ብቻ ተርፋ እጄ ላይ ቀረች። ቁርጥማት ያማል እንጂ አያደነዝዝም ብል ወረፋዬ አልቆ ነበር።

የምኖረው ላምበረት ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ከውባለም ጋር ነው። ሚስቴ ጥላኝ የሄደችው ከበሽታው በፊት ስለሆነ በሽታውን በዚህ አልከሰውም። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ መሐሉን መጋረጃ ይከፍለዋል። በዚህ በኩል እኔ፣ በዚያ በኩል እናትና ልጅ። መስኮቷ ብርድ እንዳታስገባ ዳር ዳሯን በጋዜጣ አሽገናታል። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ ውባለምን በትምህርት ቤት ክፍያም በቁጣም ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

እማዬ የተቃጠለውን ጣቴን ያየችው ራት ላይ ነው።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ሲጋራ ነው።"

"አመመህ?"

"ኧረ አላመመኝም።"

ይህ መልስ ማንኛዋንም እናት የሚያስደስት ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

በነጋታው ከጎሮ ወዲያ ወዳለ ጠበል ወሰደችኝ። ከጎሮ በኋላ ከተማው አልቆ እርሻ ነበር። ጠበሉ ቀዝቃዛ እንደሆነ የተረዳሁት ሌሎቹ ሲጮኹ አይቼ ነው። ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመችና ዙሪያዋን አየች፤ ከበሬ በቀር ማንም አልነበረም።

"ይህን ነገር ለማንም አታሳይ" አለችኝ።

"ምን መስሎሽ ነው?"

"ምንም አልመሰለኝም።"

"ታዲያ ለምን አላሳይም?"

"ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይመጣል፤ አታውቅም? እዚያ ማዶ ሆስፒታል በር ላይ የሚያውቀን ሰው ቢያይህ አንተን አይደለም የሚያየው። ውባለምን ነው የሚያየው። ከሠርጉ በኋላ የትም ሂድ፤ ከፈለግክ በሰልፍ ሂድ።"

"ማዶ" ያለችው ከከተማው በስተምዕራብ ያለውን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። የበሽታውን ስም አፏ አላወጣውም። በእኛ ወገን ዘንድ ስሙን መጥራት በሽታውን ራሱን መጥራት ነው።

ለማያውቅ ልንገር። ልጅ ስትጠየቅ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጡና ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዋናው ምክንያት ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ ደግ ሐሳብ ነው። ግን በዚያው አፍ "በዘራችሁ ደዌ አለ ወይ?" ተብሎ ይጠየቃል። በአንዱ ጣት ላይ የታየ በሽታ ወደ ኋላ እስከ ቅድመ አያት፣ ወደ ፊት እስካልተወለደ ልጅ ድረስ የሁሉም ይሆናል። የውባለም እጮኛ ሲሳይ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ቴክኒሻን፣ ረጋ ያለ ልጅ ነበር። አባቱ አቶ ጥሩነህ ግን ዘር ሲቆጥሩ አይረጉም የሚባሉ ሰው ናቸው። በአባቴ ፈንታ ተቀምጬ የምመልሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

እኔም ፋሲካን መጠበቅ ጀመርኩ። ሰው ምንም ካላመመው መጠበቅ ቀላል ነው።

የዐቢይ ጾም ዝናብ በዘነበበት አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። መንገዱ ጭቃ ነበር። አዳራሽ ገብቼ ወደ ወንበሬ ስሄድ ጎረቤታችን እትዬ ድንቅነሽ ከኋላ ጮክ ብለው፦

"ምነው ጋሽ ጌታሁን፣ አንዱን ጫማ ለመዋጮ ሰጡት እንዴ?"

አዳራሹ ሳቀ። ቁልቁል አየሁ። ግራ እግሬ ባዶ ነበር። ጭቃው ጫማዬን ከነካልሲዬ ወስዶታል፤ የት እንደወሰደው አላውቅም። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ መታ።

"ጓዶች! ሥነ ሥርዓት! ጓድ ጌታሁንም ወይ ጫማቸውን ያምጡ፣ ወይ ሌላውንም ያውልቁ። ስብሰባውን ወደ ቲያትር እየለወጡብን ነው።"

ሌላውንም አወለቅኩ። እንደገና ተሳቀ። ስቀመጥ የግራ እግሬ ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቶ አየሁ፤ ከጭቃው ጋር ደም ተለውሷል። ስባሪውን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩና ስብሰባው እስኪያልቅ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ከጠርሙስ ይልቅ ከስብሰባ መውጣት ያስፈራ ነበር።

በነጋታው ለእማዬ ሳልነግር ማዶ ሄድኩ። ሁለት አውቶብስ ቀይሬ ሆስፒታሉ በር ስደርስ የኮቴን ኮሌታ ወደ ላይ ሰብስቤ አንገቴን ቀበርኩ። ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። ጣቶቻቸው ያጠሩ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

"ሰው ለመጠየቅ ነው?"

"አዎ።"

"እኔም ድሮ ሰው ለመጠየቅ ብዬ ነው የመጣሁት" አሉና ከጎናቸው ያለችውን ሴት ጠቀሷት። "እሷም እንደዚሁ። እዚህ የታመመ ሰው የለም፤ ሁላችንም ጠያቂ ነን።"

ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች። ከታመምኩ ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያው ደግነት ይህ ነበር ብል አላጋነንኩም፤ ማንም ሊያዝንልኝ አልሞከረም።

ነርሷ በዕድሜ የገፋች፣ ቁጥብ ሴት ነበረች። "ዓይንዎን ይጨፍኑ። በጥጥ ስነካዎት የነካሁትን ቦታ በጣትዎ ያመልክቱ" አለችኝ። ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ከውጭ የሽማግሌው ሳቅ ይሰማል።

"መቼ ነው የሚጀምሩት?" አልኳት።

"ጨርሻለሁ" አለችኝ።

ከጆሮዬ ጫፍ በቀጭን ምላጭ ጥቂት ፈሳሽ ወስደው በማጉያ መነጽር አዩት። ወጣቱ ሐኪም ስሙን ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ሥጋ ደዌ። ብዙ ማንበቤን ላሳየው ይሁን ፍርሃቴን ልሸፍነው፣ ልከራከረው ፈለግሁ።

"በዘር ነው ይባላል።"

"ይባላል።"

"አይደለም?"

"ተሐዋሲ ነው። ለረጅም ጊዜ አብረው ከሚኖሩት፣ ካልታከመ ሰው በትንፋሽ ይተላለፋል። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ምልክቱ ዓመታት ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። አብዛኛውን ሰው አይዘውም፤ ገላው ራሱ ያሸንፈዋል። ምናልባት ከዘር የምናገኘው ነገር ካለ ይህ የመከላከል አቅም ነው። በሽታው ግን ከማንም ጋር አይወለድም።" ካርዴን ገለጠ። "ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?"

"ከእናቴና ከእህቴ ጋር።"

"ቤቱ መስኮት አለው?"

"አለው። በጋዜጣ ታሽጓል።"

"ሁለቱም ይምጡና እንያቸው።"

"እህቴ ልታገባ ነው።"

"እንኳን ደስ አላችሁ። ከማግባቷ በፊት ትምጣ።"

መድኃኒቱን የመጀመሪያውን ዕለት እዚያው ፊታቸው ዋጥኩ። ነፃ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ለሌላ ሰው ማስተላለፌ እንደሚያበቃ ነገሩኝ። አውቶብስ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ ሳሰላስል ተመለስኩ። እኛ ውባለምን ከደማችን ስንጠብቃት ነበር፤ ከደማችን የሚመጣባት ነገር ግን አልነበረም። ከትንፋሼ ማንም አልጠበቃትም። ምሥጢሩ እንዳይወጣ በሩን በዘጋን ቁጥር ምሥጢሩን ከእሷ ጋር ነበር የምንዘጋው።

ቤት ስደርስ እማዬ ምስር ትለቅማለች፤ ውባለም ከመጋረጃው ጀርባ ትተኩሳለች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት። እማዬ ከምስሩ ቀና አላለችም።

"እሷ አትሄድም" አለች።

"እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ—"

"ሐኪሙ ይድራታል?"

"ምናልባት ምንም የለባት ይሆናል። አይተው ይመልሷታል።"

እማዬ ዝም አለች። ዝምታዋ "ምናልባት" የሚል ዓይነት አልነበረም። የሚያውቅ ሰው ዝምታ ነበር። የካውያው ድምፅ ቆመ፤ ውባለም መጋረጃውን ገለጠች።

"ምኔን አይተሽ ነው እማዬ?"

"ምንም።"

"እማዬ!"

"ፀጉርሽን ሳጥብሽ ነው" አለች እማዬ፣ ለምስሩ እንደምትናገር። "ከትከሻሽ ዝቅ ብሎ።"

"መቼ?"

"ከጥምቀት በፊት።"

ውባለም ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አቆመች። "ከሲሳይ ጋር ስንተዋወቅ ሁለት ዓመት ሙሉ 'ቆዪ፣ አትቸኩዪ' ስትዪኝ ከርመሽ፣ ከጥምቀት ወዲህ ያጣደፍሽኝ ለዚህ ነው?"

"ከወለድሽለት አይፈታሽም ብዬ ነው" አለች እማዬ።

ማንም አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ውባለም ወደ እኔ መጣች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ የቀሚሷን አንገት ዝቅ አደረገች።

"የት ጋ ነው ጋሼ? ንካው እስቲ።"

ነጣ ያለ ነው፤ ከሃምሳ ሳንቲም አይበልጥም። ጣቴን አስቀመጥኩበት።

"ነካኸው?"

"ነክቼዋለሁ።"

እሷ በጀርባዋ አልተሰማትም፤ እኔም በጣቴ አልተሰማኝም። መነካካታችንን ማወቅ የሚችለው ከውጭ የሚያይ ሰው ብቻ ነበር። የምታየን ደግሞ እማዬ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ የቤቱን ነገር የመራችው ውባለም ናት። በማግስቱ ማዶ አብረን ሄድን። አንድ ምልክት ብቻ ስለሆነና ከጆሮዋ በተወሰደው ላይ ተሐዋሲ ስላልተገኘ አጭሩ ሕክምና ታዘዘላት፤ በጊዜ በመምጣቷ ጉዳት ሳይደርስባት እንደምትድን ነገሯት። ስትመለስ ለሲሳይ እነግረዋለሁ አለች። እማዬ "አብደሻል!" አለቻት።

"ታዲያ ዕድሜ ልኬን በሹራብ ልተኛ?" አለች ውባለም።

ቦሌ አንድ ኬክ ቤት ተገናኙ። ማታ መጋረጃውን ከፍታ በኔ በኩል ተቀመጠች።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ሻዩን ጨረሰ።"

"ከዚያስ?"

"የኔንም ጨረሰ።"

"ከዚያስ ውቤ?"

"አባቴን ላማክር አለ።"

ሲሳይ ክፉ ሰው አይደለም። ጥሩ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ በጣም አዘነና ቀረ። ከፋሲካ በኋላ ልጁ ለትምህርት ወደ ውጭ ሊላክ ስለሆነ ነገሩ ለጊዜው ይቆይ የሚል መልእክት ደረሰን። የሚያምር መልእክት ነበር፤ ማንንም አይሰድብም። ከዕድር የተዋስናቸውን ወንበሮች እኔና ውባለም ተሸክመን መለስን። እትዬ ድንቅነሽ አጥር ላይ ቆመው "ሽማግሌዎቹ መጡ እንዴ?" ሲሉ ውባለም "ወንበሩ አልተመቻቸውም" አለቻቸው።

የእኔ ሕክምና ረጅም ነበር። አንደኛው መድኃኒት ሽንት ያቀላል፤ ሌላው ቆዳ ያጠቁራል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ወይዘሮ አስካለ "ለመስክ ሥራ አሰብ ልከውዎት ነበር እንዴ?" ትለኝ ነበር። በመሐሉ የሞቱት ተሐዋስያን ገላዬን አስቆጡትና ነርቮቼ አበጡ፤ ሐኪሞቹ "ሪአክሽን" ይሉታል፤ ገላ ከሬሳቸው ጋር የሚያደርገው ጠብ ነው። ያኔ ክርኔ በእውነት አመመኝ። ስሜቱ ሲመለስለት አልቅሶ ፈጣሪውን ያመሰገነ ሰው ታሪክ አንብቤ ነበር። እኔ አላመሰገንኩም። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳውን እያየሁ ነጋ፤ ሲነጋም የምቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ስላለ ሄድኩ። ሽማግሌው ቦታ ይዘውልኝ ነበር።

"ዛሬስ ማንን ልትጠይቅ መጣህ?"

"ራሴን።"

"እንዴት ነው ታዲያ?"

"ያመዋል።"

"እሰይ" አሉኝና ካጠገባቸው የነበረውን ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

እማዬ መጨረሻ ላይ ናት ለመመርመር የመጣችው። ምንም አልተገኘባትም። ሐኪሙ ሲነግራት ፊቷ አልተፈታም።

"ታዲያ ከማን መጣብን?" አለችው።

"አይታወቅም እማማ። ልጅዎ ከትምህርት ቤትም፣ ከጓደኛም፣ ከጎረቤትም ወስዶት ሊሆን ይችላል።"

"ከኛ ወገን ግን አይደለም?"

"በዘር አይደለም።"

"እንግዲያው ይህንኑ ለአቶ ጥሩነህ ይንገሩልኝ።"

"እማማ፣ እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም" አላት። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። ሁለት አውቶብስ ቀይረን ላምበረት ተመለስን። በሳምንቱ የመስኮቱን ጋዜጣ ስትቀድ አገኘኋት። ስለዚያ ነገር ከእሷ ያገኘሁት ይቅርታ ይህ ነው፤ ለእኔ በቂ ነበር፤ ለውባለም በቂ ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም።

ድኛለሁ። መዳን ማለት ተሐዋሲው የለም፣ ለማንም አላስተላልፍም ማለት ነው። ሁለት ጣቶቼ ግን እንደታጠፉ ቀርተዋል፤ ይህን የምጽፈው ብዕሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው። የግራ እግሬ አይሰማውም፤ በየማታው አገላብጬ አየዋለሁ፤ አንዳንዴ ሚስማር አገኛለሁ። ቀድሜ ብሄድ ኖሮ አይጎዱም ነበር። ውባለም ሙሉ በሙሉ ድናለች፤ ያ ቦታ ሲነካ ይሰማታል። አላገባችም። ከደርግ በኋላ ሌሎች ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ያንን ጥያቄ ሲጠይቁ እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ከጓዳ ወጥታ "ነበረብኝ፤ ታክሜ ዳንኩ" አለቻቸው። ጠላቸውን ጨርሰው፣ መርቀውን ሄዱ። ውባለም ዳነች፤ ውባለም አላገባችም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይክስም።

ብዙዎቻችሁ ይህን አንብባችሁ "ምስኪን" ትላላችሁ። አያስፈልገኝም። የሚያስፈልገኝ ሌላ ነገር ነው። አንተ፣ ምንም የማያምህ፤ አንቺ፣ ምንም የማያምሽ፤ ዛሬ ልብሳችሁን አውልቁና ጀርባችሁን ለቤታችሁ ሰው አሳዩ። ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ነገር ካለ ሠርግ ሳትጠብቁ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ታፍሩ ይሆናል። እያፈራችሁ አውልቁ።